ከቦሌ እስከ ዳለስ ስንት ሰዓት ነው?



ከናይሮቢ አዲስ አበባ በአየር 1,160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሁለት ሰዓት መንገድ። በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ ተንገላትተን የመጣን ሰዎች ይህን ከመንገድ አንቆጥረውም። የሚያስቸግረን ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ብዙዎቹ ልጆቻችን ዋሽንግተን አካባቢ ናቸውና ከቦሌ እስከ ዳለስ ያለው 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የየቤታችን ጉዳይ ሆኗል።

ሲሄዱ 16 ሰዓት ተኩል ያህል፣ ሲመለሱ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መንገዱ አንድ ሆኖ ሳለ ለምን ይለያያል? ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ሰውና ሻንጣ ጭኖ የመንገዱን ሁሉ ነዳጅ ይዞ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሣና መንገድ ላይ ዝቅተኛ ቦታ አርፎ ይሞላል። (አንዲት እናታችን እዚያ ሲያርፍ «ደረስን» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ከመቀመጫቸው ተነሥተው ነበር።) ዳለስ ግን 100 ሜትር እንኳ ከፍታ የለውም፤ ከዚያ ሞልቶ በቀጥታ ይመጣል። ሰማይ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስም ሲመጣ ይገፋዋል፣ ሲሄድ ይጋፈጠዋል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን የሰዓቱ ነገር ነው። ቲኬት ላይ የሚጻፈው መነሻው የመነሻው አገር ሰዓት፣ መድረሻው የመድረሻው አገር ሰዓት ነው። ልዩነቱ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው። በዚያ ላይ ፈረንጅ 11 ያለውን እኛ 5 እንላለን።

በሐምሌ 2008 ዓ.ም. አንዲት እናታችን እዚሁ ናይሮቢ ዐረፉ። ልጃቸው ከዳለስ ከጠዋቱ 5 ሰዓት እንደምትነሣ ነግራን ቲኬቷን ላከችልን። አዲስ አበባ መድረሻዋ በማግስቱ 7፡30 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1፡30 ማለት ነው። እኛ የለቅሶ ኮሚቴዎቹ ያንን የአሜሪካ ሰዓት መስሎን ሰባት ሰዓት ጨመርንበት። «ወደ ናይሮቢ የሚመጣው የጠዋቱ አውሮፕላን ያመልጣታል፣ የምትገባው ማታ ነው፣ አስከሬኑን ሌላ ቀን ማሳደር አይሆንም» ተባባልን። በ4 ሰዓት ቀበርን።

እሷ በ6 ሰዓት ጆሞ ኬንያታ አረፈች። የተቀበልናት እኛው ነን። ጥቁር ልብሷን አውሮፕላን ውስጥ ለብሳ ነው የመጣችው፤ በቀጥታ ወደ ቀብር የምንወስዳት መስሏት ነበር። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ነው የነገርናት። አልወቀሰችንም። መቃብሩ ዘንድ እስኪመሽ ተቀምጣ ዋለች፤ እኛም አብረናት ዋልን።

ከዚያ ወዲህ የቀብር ሰዓት ከመቆረጡ በፊት ሁለት ወጣቶች ቲኬቱን ለየብቻ አንብበው ያሰላሉ። ካልተስማሙ ለመጪው ሰው ራሱ ይደወላል።