ምጣዱ ስንት ይበላል?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ስብሰባ ላይ ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ እንድናገር ጸሐፊያችን ሲጠይቁኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። ዕድር የሚሰበሰበው ስለ ቀብር፣ ስለ ድንኳን፣ ስለ መዋጮ ነው እንጂ ስለ ምጣድ ምን አገባው ብዬ ነበር። በኋላ ግን ሳስበው ነገሩ ከዕድር ሥራ የራቀ ሆኖ አላገኘሁትም። ለምን እንደሆነ በአንድ ታሪክ ልጀምር።

ባለፈው ዓመት በሰፈራችን በአንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ አራት ቤቶች በመብራት ሂሳብ ተጣሉ። ቆጣሪው አንድ ነው። ሦስቱ ቤቶች ምጣድ አላቸው። በአራተኛው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩት አንዲት እናት ግን ምጣድ የላቸውም፤ እንጀራ ከጉሊት ነው የሚገዙት። ያላቸው ሁለት አምፖልና አንድ ሬዲዮ ብቻ ነው። ነገሩ ለሽምግልና ሲመጣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። ብዙም ሳንመራመር «ግቢው አንድ፣ ቆጣሪው አንድ፤ ለአራት እኩል ተካፍላችሁ ክፈሉ» ብለን አስታርቀን ተነሣን። ሁሉም ምስጋናውን አቅርቦ ተለያየን።

ከጥቂት ወራት በኋላ ገንዘብ ያዣችን ውዝፍ ያለባቸውን አባሎች ስም ሲያነቡ የእኒያ እናት ስም ተጠራ። የሁለት ወር መዋጮ አልከፈሉም። ቤታቸው ሄጄ ብጠይቃቸው «ልጄ፣ የመብራቱን ስከፍል የዕድሩ አልተረፈኝም» አሉኝ። እናንተ እንደምታውቁት ለብቸኛ ሰው ዕድር ማለት ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሽቦ ስዘረጋና ቆጣሪ ስመለከት የኖርሁ ሰው ነኝ። ያንን ፍርድ ስሰጥ ግን እርሳስ አንሥቼ አላሰላሁም ነበር። ዛሬ የማቀርብላችሁ ያን ጊዜ ማስላት የነበረብኝን ሂሳብ ነው።

ሂሳቡ ከባድ አይደለም። ጤፍ በኪሎ እንደሚለካ ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚለካው በኪሎዋት ሰዓት ነው። 1,000 ዋት የሚስብ ዕቃ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ ቆጣሪው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። በየቤታችን ያለው የእንጀራ ምጣድ እንደ አሠራሩ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ድረስ ይስባል። ለዛሬ መካከለኛውን፣ 3,500 ዋትን እንያዝ።

እናቶቼ ከእኔ በላይ እንደምታውቁት ምጣድ እንደ ተሰካ ወዲያው አይጋገርበትም። ሸክላ ሙቀት በቶሎ አያሳልፍም፤ ሽቦው ከሥር ግሎ ሙቀቱ ወደ ላይ እስኪወጣ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ሊጡ ፈስሶ፣ ዓይን አውጥቶ፣ ተከድኖ እስኪወጣ ለአንዱ እንጀራ ማሰሻውን ጨምሮ 3 ደቂቃ እንበል። እንግዲህ 10 እንጀራ ለመጋገር 20 ደቂቃ ማሞቂያ፣ 30 ደቂቃ መጋገሪያ፣ በጠቅላላው 50 ደቂቃ ይሆናል። ይህም 2.9 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 30 እንጀራ ለመጋገር ግን 20 ደቂቃ ማሞቂያና 90 ደቂቃ መጋገሪያ፣ ማለት 110 ደቂቃ ነው፤ 6.4 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። 30ውን እንጀራ በሦስት የተለያየ ቀን አሥር አሥር አድርገን ብንጋግረው ደግሞ 8.75 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሁለት ጊዜ ባዶ ምጣድ ማሞቃችን ነው። ያ ሙቀት ማንንም አላበላም።

አሁን ምጣዱን ከሌላው ዕቃ ጋር እናስተያየው። በአሁኑ ጊዜ በብዛት የምንጠቀምበት ኤል ኢ ዲ የሚባለው አምፖል 10 ዋት ያህል ይስባል። 30 እንጀራ የተጋገረበት ኤሌክትሪክ ይህን አምፖል 640 ሰዓት ያበራዋል። በየምሽቱ 5 ሰዓት ቢበራ ከአራት ወር በላይ ነው። «ማነው ኮሪደር ላይ መብራት አብርቶ የተኛው?» ብለን በልጆች ላይ የምንጮኸውን ያህል ስለ ምጣዱ አንነጋገርም። የምጣዱ ግለት ለዓይን አይታይማ!

ወደ ግቢው ልመለስ። አንድ ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሃያ ሃያ እንጀራ ቢጋግር፣ ለአንዱ ጊዜ 80 ደቂቃ፣ በወር ለስምንት ጊዜ 37 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ለምጣዱ ብቻ ያወጣል። ሦስቱ ቤቶች ሲደመሩ ከ110 በላይ ይሆናል። የእኒያ እናት ሁለት አምፖል በቀን አምስት አምስት ሰዓት ቢበራ በወር 3 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሬዲዮናቸው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። እንግዲህ 3 የተጠቀመውን ሰው 37 ከተጠቀመው ጋር እኩል ክፈል ብለናል ማለት ነው። ያውም የጎረቤቶቻቸውን ቴሌቪዥንና ካውያ ሳንቆጥር።

በደሉ በዚህ አያበቃም። የቤት ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው፤ ብዙ የተጠቀመ ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋ ከፍ ይላል። በ2011 ዓ.ም. ታሪፉ ሲሻሻል እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀሙ ቤቶች የነበረው ዋጋ፣ 27 ሳንቲም ከጥቂት፣ ሳይነካ የቀረው ድኻውን ለመደገፍ ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዋጋው በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ የሚሄድበት አሠራር ተጀምሯል። እኒያ እናት የራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ኖሮ ከመጀመሪያው እርከን ባልወጡ ነበር። አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ግን ሂሳቡ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል፤ የእርሳቸውም አምፖል በባለምጣዶቹ ዋጋ ይከፈልበታል። ታሪፉ ያሰበላቸውን እኛ ሽማግሌዎች ወሰድንባቸው።

ስለዚህ እንደገና ገባንበት። ከዋናው ቆጣሪ በኋላ ለየቤቱ ትንሽ ቆጣሪ ተገባ፤ በወሩ መጨረሻ ሁሉም የየራሱን ያነባል፤ ሂሳቡም በዚያው መጠን ይከፈላል። የእርሳቸውን ውዝፍ ሁለቱ ቤቶች በፈቃዳቸው ከፈሉ። አንዱ ቤት እስከ ዛሬ ቅር እንዳለው ነው፤ ይህንንም አልደብቃችሁም። ቢሆንም ቁጥር ሲነገር ጭቅጭቅ ይቀንሳል።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ይጠይቀኛል። «ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት ያመነጫል ተብሏል፤ ታዲያ ስለ ምጣድ ምን ያስጨንቀናል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ኃይሉ ከግድቡ ወጥቶ ወደ ጓዳችን የሚደርሰው በሽቦና በትራንስፎርመር ነው። በየሰፈሩ ከሚሰቀሉት ትራንስፎርመሮች መካከል አንዱ ዓይነት 315 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚባለው ነው። መቶ ቤት በአንድ ሰዓት ምጣድ ቢሰካ 350 ኪሎዋት ይፈልጋል። ከትራንስፎርመሩ አቅም በላይ ሆነ ማለት ነው። በበዓል ዋዜማ ሊጡ ከቦካ በኋላ መብራት ድርግም የሚለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መብራቱ ባይጠፋም ኃይሉ ይደክማል። 220 ቮልት መሆን የሚገባው 180 ሲሆን የምጣዱ ጉልበት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ያን ጊዜ ምጣዱ ለመጋል ይዘገያል፤ እንጀራውም ዓይን አላወጣ ይላል። «ቆጣሪውም ቀስ ብሏል» ብላችሁ ደስ አይበላችሁ። ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ከምጣዱ ጎንና ከሥሩ የሚባክነው ሙቀት ይበዛል። በዚህ ምክንያት ሁሉም ከሥራ ገብቶ እራት በሚያበስልበት ምሽት ሳይሆን ረፋድ ላይ ወይም ከቀትር በኋላ ብንጋግር ይሻላል።

ወጪውን ለመቀነስ የሚረዱ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ሊጡና ማሰሻው፣ ሰፌዱም ሳይቀር ተዘጋጅቶ ይጠብቅ እንጂ ምጣዱ ግሎ እኛን አይጠብቀን። አክንባሎው በደንብ የሚገጥም ይሁን፤ በየጊዜው እየከፈቱ ማየት እንፋሎቱን ማስወጣት ነው። ሸክላ ሙቀት ይይዛልና የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራ ሶኬቱን ነቅሎ በቀረው ግለት መጋገር ይቻላል፤ ይህን የብዙዎቻችን እናቶች ያውቁታል። ወፍራም ሸክላ ቶሎ አይሰነጠቅም፣ ግን ለመጋል ብዙ ይፈጃል፤ ስትገዙ ሁለቱንም አመዛዝኑ። ምጣዱ ከሥሩ ሙቀት የሚይዝ ነገር ያልተደረገለት ከሆነ ጠረጴዛውንና ወለሉን ነው የምታሞቁት። ከሁሉም በላይ ግን በየቀኑ ትንሽ ከመጋገር በአንድ ጊዜ በርከት አድርጎ መጋገር ይጠቅማል። ጎረቤታሞች ተነጋግረው አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ በጋለው ምጣድ ብትቀጥል የማሞቂያው ወጪ ይቀርላቸዋል። እናቶቻችን በማገዶ ዘመን ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው።

ኤሌክትሪኩን ትተን ወደ ሦስት ጉልቻ እንመለስ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ጢሱ በዓይንና በሳንባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሂሳብ በላይ ነው። በማገዶ መጋገር ግድ የሚሆንበት ቤት ግን ምርጥ የተባለውን ምድጃ ቢጠቀም ማገዶው ወደ ግማሽ ይቀንስለታል።

አሁን ከገንዘቡ ወደሚከብደው ነገር ልለፍ። 3,500 ዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ነው። ይህን በቀጭን የአምፖል ሽቦ ወይም ዲቫይደር በምንለው ማከፋፈያ ላይ መሰካት እሳት መጥራት ነው። ሶኬቱ ከጠቆረ፣ ገመዱ በእጅ ሲነካ ከሞቀ፣ የላስቲክ ሽታ ከሸተተ፣ ወዲያው ይነቀል። ምጣድ ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መሥመር፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል። ፊውዝ ሲቃጠል በወፍራም መዳብ መተካት አደጋውን መጋበዝ ነው። ፊውዙ የተቃጠለው ቤታችሁን ለማዳን ነውና። ሸክላው ሲሰነጠቅ ሊጡ በስንጥቁ ገብቶ ሽቦውን ይነካል፤ በባዶ እግር እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆማ የምትጋግር ሴት በዚያች ቅጽበት ልትሞት ትችላለች። የተሰነጠቀ ምጣድ «ለዛሬ ብቻ» አይባልም። ዕድራችን የሞተ በክብር ይቀብራል፤ ማዳን የሚቻለውን ሰው ግን መቅበር የለብንም።

በመጨረሻም ራሱን ዕድራችንን የሚመለከት ነገር አለ። ሐዘን ሲደርስ ሦስት ምጣድ ድንኳን አጠገብ አቁመን ከአንድ ጎረቤት ቤት መሥመር እንስባለን። ሦስት ምጣድ ማለት 48 አምፔር ነው። የአንድ ቤት ሽቦ ይህን አይችልም። መቶ እንጀራ በሦስት ምጣድ ሲጋገር ደግሞ 21 ኪሎዋት ሰዓት ያህል በዚያ ጎረቤት ቆጣሪ ላይ ይወድቃል። ሐዘን ነውና ማንም አፉን ሞልቶ «ክፈሉኝ» አይልም፤ እኛም አንጠይቅም። ዝም ብሎ የሚሸከመው አንድ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ለድንኳኑ ቅርብ ስለሆነ ያው ሰው ነው።

ስለዚህ በሰብሳቢው ፈቃድ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በሐዘን ጊዜ ከአንድ ቤት መሥመር ከአንድ ምጣድ በላይ እንዳይሰካ። ሁለተኛ፣ ከመጋገሩ በፊትና በኋላ የቆጣሪው ቁጥር ተመዝግቦ ልዩነቱ ከዕድሩ ገንዘብ ለባለቤቱ እንዲከፈል፤ ባለቤቱ «ይቅር» ቢልም እንኳ እንዲመዘገብ። ሦስተኛ፣ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ አባሎች ተጣልተው ወደ ሽማግሌ ሲመጡ ሽማግሌው አስቀድሞ የየቤቱን ዕቃ ቆጥሮና አስልቶ ብቻ እንዲፈርድ። ለማስላት የሚቸገር ካለ እኔ በነጻ እመጣለሁ፤ ከአሁን በፊት ሳላሰላ ለፈረድሁት ካሣ ይሁንልኝ።

እኒያ እናት ዛሬ እዚሁ ከመካከላችን ተቀምጠዋል። ስማቸውን አልጠራም፤ ታሪካቸውን እንድናገር ግን ፈቅደውልኛል። በሁላችሁም ፊት ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።