ያለ ደመወዝ የሚጠበቅ አደራ



ዴቢያን የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. በኢያን መርዶክ ተመሠረተ። ይኸውም ማንም በነፃ የሚገለገልበት፥ ውስጡንም መርምሮ የሚያሻሽለው ነው። የፕሮግራም ጥቅሎቹን በየድርሻቸው የሚጠብቁት አብዛኛዎቹ ፈቃደኞች ናቸው።

ወደዚህ አገልግሎት ለመግባት የምትሹ ብትኖሩ፥ አስቀድማችሁ ሹመት አትጠይቁ፤ ጠባቂ ያጣ ጥቅል ፈልጋችሁ ስሕተቱን አርሙ። ነባሩ ባልደረባ ሥራችሁን መርምሮ፥ ደግ ሆኖ ሲያገኘው በራሱ ፊርማ ያስገባላችኋል። እምነት የሚገኘው እንዲህ ቀስ በቀስ ነው።

ዳሩ ግን እምነትም መርማሪ ያሻዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. ኤክስ ዜድ በተባለው ፕሮግራም፥ ብቻውን የደከመውን ጠባቂ ለዓመታት በትጋት ሲረዳ የቈየ ሰው ሥውር የጥፋት በር አኑሮበት ተገኘ። በመሥሪያ ቤታችሁ ገንዘብ ያዡና ተቈጣጣሪው የተለያዩት በከንቱ አይደለም። እንግዲህ ብቻውን የቆመ ጠባቂ ብታዩ፥ ሁለተኛ ሁናችሁ ቁሙለት።