የልብ በሽተኛን በሩቅ ሆኖ ስለ መጠበቅ የተደረገ ንግግር



ሐኪም በሩቅ ከተማ ተቀምጦ፥ በቤቱ ያለውን በሽተኛ የልቡን አካሄድ ያውቅለታል ቢባል ከመካከላችሁ የሚጠራጠር አይጠፋም። መጠራጠሩ ደግ ነው፤ ነገሩ ግን አዲስ አይደለም።

በሆላንድ አገር ላይደን በምትባል ከተማ ዊለም አይንትሆቨን የሚባል ሊቅ ነበረ። ይህ ሰው የልብን የኤሌክትሪክ ኀይል በመስመር የሚጽፍ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው ሁለት ክፍል የሚሞላ፥ 270 ኪሎ ያህል የሚመዝን፥ አምስት ሰዎች ካልያዙት የማይሠራ ነበረ፤ የሚመረመረውም ሰው እጆቹንና አንድ እግሩን በጨው ውሃ ውስጥ ይነክር ነበር። ይህን መሣሪያ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ አይቻልም፤ በአልጋ ላይ ያለውንም በሽተኛ ወደ መሣሪያው ማምጣት ጭንቅ ነው። ስለዚህ በ1905 ዓ.ም. በኤውሮፓ አቆጣጠር፥ ሐኪም ቤቱንና የምርመራ ክፍሉን በስልክ ሽቦ አገናኝቶ፥ በ1.5 ኪሎ ሜትር ርቀት የሰውን የልብ ምት ተቀበለ። ስለ መሣሪያው በ1924 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። (ከዚህ በታች የምጠራቸውም ዓመታት ሁሉ በዚያው በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ልቡ የደከመ ሰው ደሙን እንደሚገባ መግፋት ስለማይችል፥ ውሃ በሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ በመጀመሪያ እግሩ ያብጣል፥ በኋላም ውሃው ወደ ሳንባው ይደርሳል። በሽተኛው ጋደም ማለት ተስኖት ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያድራል። በዚያች ሌሊት ዘመድ ይጠራል፥ መኪና ይፈለጋል፥ ሐኪም ቤትም ሲደርስ ብዙ ቀን ይተኛል። ወጪው ምን ያህል እንደ ሆነ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ነገር ግን ይህች ሌሊት ብዙ ጊዜ ሳታስታውቅ አትመጣም። ውሃ ክብደት አለውና፥ ትንፋሽ ከማጠሩ በፊት ባሉት ቀኖች ሚዛኑ ይጨምራል። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ የጨመረ የልብ በሽተኛ ለሐኪሙ መንገር ይገባዋል፤ ሐኪሙም አስፈላጊ መስሎ ከታየው ሽንት የሚያበዛውን መድኃኒት ጨመር አድርጎለት፥ በሽተኛው ከቤቱ ሳይወጣ ሊሻለው ይችላል።

የጀርመን ሐኪሞች ይህን በትልቅ ፈተና መረመሩት። ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ስለ ልብ ድካም ሐኪም ቤት ተኝተው የነበሩ 1,571 ሰዎች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን እንደ ወትሮው ታከመ። ለሁለተኛው ወገን ሚዛን፥ የደም ግፊት መለኪያ፥ የልብ ምት መጻፊያና በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን የሚለካ መሣሪያ በየቤቱ ተሰጠው። በሽተኛው በየቀኑ ይለካል፤ ልኩም በበርሊን ሻሪቴ ወደሚባለው ሐኪም ቤት ይተላለፋል፤ በዚያም ሐኪሞችና ነርሶች ሌትና ቀን ተራ ገብተው ይጠብቃሉ፥ ነገሩ ሲያሠጋም ለበሽተኛው ይደውላሉ። በ2018 ውጤቱ ታተመ። ሳይታሰብ ስለ ልብ ሕመም ሐኪም ቤት በመተኛት ወይም በሞት የጠፋው ቀን፥ በአንደኛው ወገን በዓመት 24.2 ሲሆን በሁለተኛው 17.8 ነበረ። ከመቶ ሰው በዓመት የሞተውም ከ11 ወደ 8 ያህል ዝቅ አለ። ገንዘቡም በኋላ ሲመረመር፥ የጠባቂዎቹና የመሣሪያዎቹ ዋጋ ከተቀነሰ በኋላ በእያንዳንዱ በሽተኛ በዓመት 1,758 ዩሮ ተረፈ።

ይሁን እንጂ መሣሪያ ብቻውን ያድናል የሚል ሰው ቢኖር አትመኑት። በአሜሪካ አገር 1,653 በሽተኞች የተካፈሉበት ሌላ ፈተና ነበረ፤ ውጤቱም በ2010 ታተመ። በዚያ በሽተኛው በየቀኑ ስልክ ደውሎ፥ ስለ ክብደቱና ስለ ሕመሙ ለሚጠይቀው የተቀዳ ድምፅ ቁጥር እየተጫነ ይመልስ ነበር፤ ሐኪም ቤቶቹም መልሱን በሥራ ቀን ይመለከቱት ነበር። በመጨረሻ እንደ ወትሮው ከታከሙት ጋር ልዩነት አልተገኘም። ስልክ እንዲደውሉ ከታዘዙት ከመቶ 14 ያህሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልደወሉም። እኔ አልፈርድባቸውም፤ ሰው ለማያውቀውና ስሙን ለማይጠራው ድምፅ ዕለት ዕለት ሕመሙን መናገር ይሰለቸዋል። በእኔ አሳብ በበርሊን ትልቁ ነገር ሚዛኑ ሳይሆን፥ ሌሊትም ቢሆን ነቅቶ የሚመልስ ሰው መኖሩ ነው። የጀርመን አገር ባለሥልጣኖችም በ2020 መጨረሻ ይህ አጠባበቅ በሕመም መድን ገንዘብ እንዲከፈል ወሰኑ።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ። ይህ ሁሉ ልቡ ቀስ በቀስ ለሚደክም ሰው ነው። ደረቱን በድንገት እንደ ድንጋይ የተጫነው፥ ሕመሙም ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የሄደበት፥ ላብም ያጠመቀው ሰው ሚዛን ላይ አይወጣም፤ ነገ ይሻለኛልም ብሎ አይደር። እሱ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት፤ በዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ የለም።

በቤቱ ለሚጠበቀው ሰው ግን ሥርዐቱ ቀላል ነው። ጠዋት እንደ ተነሣ፥ ሽንቱን ከሸና በኋላ፥ ምንም ሳይቀምስ፥ ያንኑ ዐይነት ልብስ ለብሶ፥ በዚያው ሚዛን ላይ ይቆማል። ቁጥሩ ከቀኑ ጋር በደብተር ይጻፋል። በሽተኛው ማንበብ የማይችል እንደ ሆነ፥ ከእናንተ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጁ ቁጥሩን አንብቦ ይጽፍለታል፤ ሁለት ኪሎ ሲጨምርም በዚያው ጠዋት ለሐኪሙ ይደውልለታል።