ፎቶግራፍ ከፊልም ጥቅል እስከ እጅ ስልክ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሊቀ መንበራችን «ስለምታውቀው ነገር ሩብ ሰዓት ያህል ተናገር» ብለው ሲያዙኝ፣ ስለ መተዳደሪያ ደንቡ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ስላሉ፣ እኔ ከአርባ ዓመት በላይ የኖርኩበትን የፎቶግራፍ ነገር ላነሳ ወደድኩ። «ፎቶግራፍና ዕድር ምን አገናኛቸው?» የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ፤ የሚገናኙበት ቦታ ላይ እደርሳለሁ።

በቅድሚያ ግልጽ እንዲሆን፣ እኔ ፎቶ ቤት ኖሮኝ አያውቅም። እንጀራዬ መምህርነት ነበር። ፎቶግራፍ የማነሳው እንዲያው ስለምወደው ነው። ባለቤቴ «ደመወዙን ለፊልም የሚገብር ሰው» እያለች ስታማኝ ኖራለች፤ ሐሜቱም እውነት ነው።

በ1971 ዓ.ም. ከቡሬ ወጣ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ሳስተምር፣ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ከተዛወረ ባልደረባዬ ሉቢተል የምትባል የሩሲያ ካሜራ ገዛሁ። ሌኒንግራድ የተሠራች ጥቁር ሣጥን ናት። ከላይና ከታች ሁለት ዓይን አላት፤ በላይኛው ይታያል፣ በታችኛው ይነሳል። ሰው የሚያነጣጥረው እንደ ዛሬው ወደ ፊት እያየ ሳይሆን፣ ደረቱ ላይ አንጠልጥሏት ወደ ታች አጎንብሶ ነው። በዚያ ላይ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ ነው የሚታየው። ገበያ መሐል አጎንብሼ ወዲህ ወዲያ ስል ያዩኝ አንድ ሽማግሌ «መምህሩ ለማን ነው የሚሰግደው?» ብለው ጠየቁ ተብሎ፣ ነገሩ እስከ ማንኩሳ ድረስ ተወርቶብኛል።

አንድ ጥቅል ፊልም የሚያነሳው 12 ፎቶ ብቻ ነበር። እንደ ዘር እህል ነው የሚቆጠረው። መስቀል ላይ የገባው ፊልም ጥምቀት ድረስ ሳያልቅ የሚቆይበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ አንሺውም ተነሺውም ነገሩን ከቁም ነገር ይቆጥሩት ነበር። ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሰው ፊቱን ይታጠባል፣ ያለችውን የክት ልብስ ይለብሳል። ሰዓት ያለው እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ደረቱ ላይ ያደርጋል፤ ሬዲዮ ያለው ሬዲዮውን ያቅፋል፤ ሁለቱም የሌለው ከጎረቤት ተውሶ ይመጣል። ማንም አይስቅም። ዛሬ ልጆቻችን እነዚያን ፎቶዎች እያዩ «ለምንድን ነው ሁላችሁም የተቆጣችሁት?» ይሉናል። ኧረ አልተቆጣንም! ሁለተኛ እንደማይነሳ ስለምናውቅ ነው።

ጥቁርና ነጩን ፊልም የማጥበው እኔው ራሴ ነበርኩ፤ ጨለማ ክፍሌም የኪራይ ቤቴ ጓዳ ነበረች። የበሩን ሽንቁር በጋቢ እወትፍና የእጅ ባትሪዬን በቀይ ጨርቅ እሸፍናለሁ፤ የፎቶ ወረቀቱ ቀይ ብርሃን አይጎዳውምና። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ፊልሙ ብርሃን የሚሰማው የብር ጨው የተቀባ ነው። ብርሃን ያረፈበት ቦታ ዴቨሎፐር ውስጥ ሲነከር ይጠቁራል፤ ቀጥሎ ሃይፖ ውስጥ ሲገባ ብርሃን ያላረፈበት ጨው ሟሙቶ ይወገዳል። ኔጋቲቭ ላይ ነጩ ነጠላ ጥቁር፣ ጥቁሩ ፀጉር ነጭ ሆኖ የምታዩት ለዚህ ነው። የፎቶ ማሳደጊያ መሣሪያ ስላልነበረኝ ኔጋቲቩን ከወረቀቱ ላይ አስተኝቼ፣ በመስታወት ተጭኜ፣ ቀዩን ጨርቅ ገለጥ አድርጌ ባትሪውን ለጥቂት ሴኮንድ አበራበታለሁ። ወጥቶ የሚገኘው ፎቶ ስድስት ሳንቲ ሜትር በስድስት ሳንቲ ሜትር ነው። ፊት ከባዶ ወረቀት ላይ ቀስ እያለ ሲመጣ መጀመሪያ ያየ አንድ ተማሪዬ «በስመ አብ» ብሎ አማትቦ ከጓዳው ወጥቶ ሮጧል።

እዚህ ላይ አንድ ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ፎቶ ከሃይፖው ሲወጣ በብዙ ውኃ መታጠብ አለበት፤ ካልሆነ ከዓመታት በኋላ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ውኃው ደግሞ ከወንዝ በማድጋ የሚቀዳ ነበር። እቤታችሁ ውስጥ እኔ ያነሳሁት ፎቶ ቡናማ ሆኖባችሁ ከሆነ፣ ጥፋቱ የፎቶው ሳይሆን ውኃ የቆጠብኩት የእኔ ነው።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። ሉቢተል ፊልሙን በእጅ ካላጠነጠኑላት አንዱን ፎቶ በሌላው ላይ ደርባ ታነሳለች። አንድ ጊዜ የአንድ አዛውንት የተጠመዱ በሬዎች ካነሳሁ በኋላ ማጠንጠኑን ረስቼ ራሳቸውን አዛውንቱን አነሳኋቸው። ሲታጠብ ሰውየው ከነጋቢያቸው በሬው ሆድ ውስጥ ቆመው ታዩ። እያፈርኩ ይዤላቸው ብሄድ አገላብጠው አዩትና «በሬው የኔው ከሆነ ግድ የለም» ብለው ከግድግዳቸው ሰቀሉት። አያ ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ለቅሷቸው ላይ የተያዘውም ያው ፎቶ ነበር፤ ሌላ አልነበራቸውም።

በ1980ዎቹ ውስጥ 36 ፎቶ የሚያነሳ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚጎርስ ዘኒት ካሜራ ገዛሁና ወደ ቀለም ፎቶ ተሻገርኩ። የቀለም ፊልም በእኔ ጓዳ የሚታጠብ አይደለም። ከፍኖተ ሰላም በአውቶቡስ፣ በረዳት እጅ፣ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይሄዳል። ታጥቦ እስኪመለስ ሁለት ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው። ምን እንደወጣ ሳያውቁ መጠበቁ ግን የራሱ ጣዕም ነበረው፤ ያልጠበቀ ሰው አያውቀውም።

ስለ አዲስ አበባ ካነሳሁ፣ ፎቶግራፍ ወደ ቤተ መንግሥታችን ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ሙያውን ወርሰዋል። ከእነርሱ በኋላ ከመጡት አንዱ ሽመልስ ደስታ ናቸው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የመጨረሻ ዓመታት በቅርብ ሆነው ሲያነሱ ኖረው፣ ከሀገር ሲወጡ ኔጋቲቮቻቸውን ይዘው ሄደው፣ ፎቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ለንደን ውስጥ ለሕዝብ ታይተዋል። ይህን የምጠቅሰው ስለ ቤተ መንግሥት ለማውራት አይደለም። መንግሥት ተለዋውጦ፣ ሰዎቹ አልፈው፣ ያች ቀጭን የፊልም ቁራጭ ግን ምስሉን ይዛ መቆየቷን ልብ እንድትሉልኝ ነው።

ወደ ዲጂታሉ ልምጣ። የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ የሠራው፣ ታምኑኛላችሁ፣ ራሱ የፊልሙ ጌታ ኮዳክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ስቲቨን ሳሰን የሚባል ወጣት መሐንዲሱ ሠራው። ክብደቱ ሦስት ኪሎ ተኩል ይሆናል፤ አንዱን ፎቶ በቴፕ ካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ኩባንያው ግን የፊልም ገበያውን ስለወደደ ነገሩን ችላ አለው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ራሱ ኮዳክ ዕዳውን መክፈል አቅቶኛል ብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ። በእኛ ዘንድ ዲጂታሉ ብዙም ሳይቆይ የስልክ ሎሌ ሆነ። አሁን ከጅጋ ገበያ እስከ ቋሪት፣ በርበሬ የጫነው ገበሬም ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ያነሳል።

በዚህ አዝኛለሁ የሚል ካለ እኔ አይደለሁም። በእኔ ዘመን በአንድ ወረዳ ካሜራ የያዘው ሰው ቢቆጠር እጅ ጣት አይሞላም፤ ማን እንደሚነሳ የሚወስነውም እሱ ነበር። እናቶች ወጥ ሲሠሩ፣ ልጅ ሲያጥቡ፣ ሲስቁ የተነሱት ፎቶ በእኔ ሣጥን ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ዛሬ የእኅቴ ልጅ እናቷን ምድጃ አጠገብ እየሳቀች አንስታት አየሁ። እኅቴን ስድሳ ዓመት አውቃታለሁ፣ እንደዚያ አድርጌ ግን አንስቻት አላውቅም።

አንድ ጥቅም ላካፍላችሁ። የድሮውም ካሜራ፣ የዛሬውም ስልክ፣ ነጭ ጋቢና ነጠላ ሲያይ ይሳሳታል። ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ሁሉን ያጠቁረዋል፤ ጋቢው ያምራል፣ ፊት ይጠፋል። ስልክ ላይ ሰውየው ፊት ላይ በጣታችሁ ነካ አድርጉ፣ ብርሃኑን በፊቱ ይለካል። ደግሞም የቀትር ፀሐይ ላይ አታቁሙት፤ ዋርካ ጥላ ወይም የቤት ደጃፍ ይበልጣል።

አሁን ወደ ዕድራችን ጉዳይ ደረስኩ።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ አንድ የሠፈራችን ወጣት በድንገት አረፈ። ስሙን አልጠራም፤ የምናገረውም ወላጆቹን አስፈቅጄ ነው። ይህ ልጅ ስልኩን ይዞ የሁላችንን ሠርግ፣ ክርስትና፣ ጥምቀት ያነሳ ልጅ ነበር። ድንኳን ተተክሎ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ለለቅሶው ፎቶ ሲፈለግ ከቤቱ አንድም ጠፋ። ስልኩ አለ፤ በቁጥር የተቆለፈ ነው፣ ቁጥሩን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። በኢንተርኔት ያስቀመጠው እንዳይፈለግ፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት የተቋረጠበት ጊዜ ነበር። የጓደኞቹ ስልክ ተበረበረ፤ ሁልጊዜ አንሺው እሱ ስለነበር በሰው ትከሻ መሐል ግማሽ ፊቱ ብቻ ነው ያለው።

በመጨረሻ ጸሐፊያችን የአባልነት ፎርሙን ከመዝገብ ቤት አወጡ። ሦስት በአራት የሆነች ጉርድ ፎቶ ተገኘች። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደን ስናሳድጋት፣ የዕድራችን ማኅተም ከጉንጩ እስከ አገጩ ድረስ በሰማያዊ ቀለም አብሮ አደገ። ባለሙያው ደግ ልጅ ነው፤ ማኅተሙን በኮምፒዩተር አጥፍቶ ፊቱን ንጹሕ አድርጎ አወጣልን። ይዘን ሄድን። እናትየው ካዩት በኋላ «ይኸ የኔ ልጅ አይደለም» አሉ። ለካስ ከማኅተሙ ጋር፣ በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ አገጩ ላይ የቀረችውን ጠባሳም አጥፍቶታል። ማኅተም ያለበትን አምጡልኝ ብለው እሱን ታቅፈው አለቀሱ። ዛሬም እቤታቸው ግድግዳ ላይ ያለው፣ የእኛ ማኅተም ያረፈበት ፎቶ ነው።

እኔ ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ስልኬን ብቆጥር ከሦስት ሺህ በላይ ፎቶ አገኘሁ። ከዘኒቷ ወዲህ በወረቀት ያወጣሁት ግን አንድም አልነበረም። አርባ ዓመት ፎቶ አነሳሁ የምለው እኔ ነኝ እንግዲህ! የገጠሩ አዛውንት ቢያንስ በበሬያቸው ሆድ ውስጥ ቆመው ተገኝተዋል።

ስለሆነም ለሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው። እያንዳንዱ አባል የራሱንና የቤተሰቡን ፎቶ፣ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ፣ በወረቀት ያሳትም። ከጀርባው ስምና ዓመተ ምሕረት ይጻፍበት፤ በእርሳስ ይሁን፣ የእስክሪብቶ ቀለም ዘልቆ ሊያበላሸው ይችላልና። የስልካችሁን መክፈቻ ቁጥር ቢያንስ አንድ የቤተሰብ ሰው ይወቀው፤ «ምስጢር አለኝ» የምትሉ ጎረምሶች ፎቶውን ለይታችሁ ለእናታችሁ ስጡ። በቴሌግራም የሚላክ ፎቶ ስለሚጨመቅ ጥራቱ ይቀንሳል፣ ሲያድግም ይበላሻል፤ ለማሳተም የምትልኩትን በፋይል መልክ ላኩት። አሮጌ ፎቶ ያላችሁም እንዳትጥሉ። ያለ ፍላሽ፣ ከመስኮት አጠገብ፣ ስልኩን ከፎቶው ትይዩ አድርጋችሁ ደግማችሁ አንሱት። እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ እኔ ጋ አምጡት፣ ዋጋ የለውም።

ከአባላት አንዱ «ለዕድሩ አዲስ ወጪ ነው» ብለዋል። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ፎቶ ማሳተም ከአንድ ወር መዋጮ ያንሳል፤ ሒሳቡን ለገንዘብ ያዡ ሰጥቻለሁ፣ ተመልክተው ይንገሩን።

ደግሞ ዛሬ የብስኩት ቆርቆሮዬን ይዤ መጥቻለሁ። ውስጡ ከ1971 እስከ 1983 ዓ.ም. በቡሬ፣ በማንኩሳና በፍኖተ ሰላም ያነሳኋቸው ጥቃቅን ፎቶዎች አሉ። ስም ያልጻፍኩባቸው ይበዛሉ፤ ያኔ የማልረሳቸው መስሎኝ ነበር። ቆርቆሮው ከመዝገቡ ጠረጴዛ አጠገብ ነው፣ እርሳስም አስቀምጫለሁ። ከምሳ በፊት ታላላቆቻችን መነጽራችሁን አድርጋችሁ እዩልኝ። አባቱን ወይም እናቱን ያገኘ ይውሰድ፤ ከመውሰዱ በፊት ግን ስሙን ንገሩኝ፣ ኔጋቲቩ ላይ እንድጽፍበት።