ቀስ ብሎ መራመድ አለማመን አይደለም

ዛሬ የምናገረው የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና አድርጋችሁ ቤት ለተኛችሁ፣ ለምታስታምሙም ነው።

እስቲ ሕዝቅያስን አስቡት። እግዚአብሔር እንደሚፈውሰው በነቢዩ ኢሳይያስ አፍ ነገረው፤ ያም ሆኖ ቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ ተደረገለት (2ኛ ነገሥት 20)። ተስፋው መድኃኒቱን አላስቀረውም!

እንግዲህ ሐኪሙ አትጎንበሱ፣ ወገባችሁን አትጠምዝዙ፣ ከባድ አታንሡ ካላችሁ ታዘዙ። 20 ሊትር ውኃ የሞላው ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ሌላ ሰው ያምጣው። ከአልጋ ስትነሡ በጀርባችሁ ብድግ አትበሉ። ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ ትከሻና ዳሌ አብረው እየዞሩ በጎን ተገልበጡ፤ ከዚያ እግራችሁን እያወረዳችሁ በእጃችሁ ገፍታችሁ ተቀመጡ።

ሐኪሙ ሲፈቅድም ተራመዱ። ተኝቶ መዋል ጡንቻን ያደክማል፤ በእግር ውስጥ ደም እንዲረጋም ሊያደርግ ይችላል። ዛሬ እስከ በሩ፣ ነገ እስከ ግቢው፤ አጭር አጭር፣ ግን ደጋግሞ።

እናንተ ጠያቂዎች ደግሞ፣ እባካችሁ “እምነት ካለህ ምርኩዙን ጣል” አትበሉት። ጸልዩለት፤ ስትጨርሱ ውኃውን ቅዱለት፣ ክንዳችሁንም ስጡት። ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ፣ እግሩ ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንትም እምቢ ካለው ግን ነገ አትበሉ። እየጸለያችሁ ሆስፒታል አድርሱት።

ወገኔ ሆይ፣ ሽባውን በአንድ ቃል ያስነሣው ጌታ፣ የአንተንም እርምጃ አንድ በአንድ የሚቆጥረው እርሱ ነው። ተባረኩ። አሜን።