ኮምፒውተር ስንገዛ አንብበን እንግዛ

ዛሬ ስለ ኮምፒውተር አመራረጥ እንነጋገራለን። ንግግሩ ታትሞ ሲደርሳችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ማንበብ ለሚከብደው ጎረቤታችሁም አንብቡለት።

በከምባታ ዞን በዳምቦያ ከተማ አንድ እድር አለ እንበል። አባላቱ በየወሩ ያዋጣሉ። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ለየትኛው ቤተሰብ ስንት ተሰጠ፣ ሁሉም በደብተር ይጻፋል። ደብተሩ ግን አረጀ። ዳር ዳሩን አይጥ በላው። አባላቱ ተሰብስበው፣ «ኮምፒውተር እንግዛ» አሉ። ገንዘቡ የአንድ ሰው አይደለም። ሐዘን ለሚደርስበት ቤተሰብ የተቀመጠ ነው። በከንቱ ቢጠፋ የሚጎዳው ሐዘንተኛው ነው። ታዲያ እንዴት ይምረጡ?

አንደኛ፤ ሥራውን አስቀድሙ።

እንሰት ለመፋቅ የምትወጣ እናት መፋቂያዋን ትይዛለች እንጂ ማረሻ አትሸከምም። መሣሪያው የሚመረጠው በሥራው ነው። ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት፣ «ኮምፒውተሩ ምን ይሠራልናል?» ብለን በወረቀት እንጻፍ። የእድሩ ሥራ ስም መመዝገብ፣ ሒሳብ መደመር፣ ደብዳቤ መጻፍና ማተም ነው። ለዚህ ሥራ እጅግ ውድ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ፊልም ለሚያቀናብር ሰው የተሠራውን ብንገዛ ገንዘባችን ያለ ሥራ ይቀመጣል።

ሁለተኛ፤ ዕቃውንና ፕሮግራሙን ለዩ።

የምንነካው አካል ሃርድዌር ይባላል። ስክሪኑ፣ የመጻፊያው ሰሌዳ፣ ማውሱ ሁሉ ሃርድዌር ነው። ኮምፒውተሩን የሚያሠራው የማይነካው ትእዛዝ ደግሞ ሶፍትዌር ወይም ፕሮግራም ይባላል። በሬ ሁለት ሆኖ፣ ሞፈርና ቀንበሩ ተሟልቶ፣ የሚያርስ ሰው ከሌለ መሬቱ አይታረስም። ኮምፒውተርም ያለ ፕሮግራም እንዲሁ ነው።

ሦስተኛ፤ ቁጥሮቹን አንብቡ።

እናንተ ቁጥር ማንበብ ተምራችኋል። ሻጩ፣ «ጥሩ ነው፣ ውሰዱት» ቢላችሁ፣ «ቁጥሩን አሳየን» በሉት።

የመጀመሪያው ቁጥር የራም ነው። ራም እንደ መሥሪያ ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው ሰፊ ሲሆን ብዙ ወረቀት ዘርግተን እንሠራለን። ጠባብ ከሆነ ሥራው ይንቀረፈፋል። ለእድሩ ሥራ 8 ጊጋባይት ይበቃል።

ሁለተኛው የዲስክ ቁጥር ነው። ዲስክ እንደ ሣጥን ነው፤ የተጻፈው ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። 256 ጊጋባይት ለስምና ለሒሳብ ከበቂ በላይ ነው። ኤስኤስዲ የተባለውን ዓይነት ምረጡ። በውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ከድሮው ሃርድ ዲስክ ይፈጥናል፤ በጉዞ መንገጫገጭም ቶሎ አይጎዳም።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ቁጥር ነው። በአገራችን ወደ ቤት የሚገባው መብራት 220 ቮልት ነው። በአሜሪካ ግን 120 ቮልት ነው። ዘመድ ከውጭ የላከው ኮምፒውተር ከሆነ ቻርጀሩን ገልብጣችሁ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 የሚል ከተጻፈበት አትስጉ። 110 ወይም 120 ብቻ ከሆነ ግን አትሰኩት፤ ይቃጠላል። በአንዳንድ የቆዩ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀያየሪያ አለ። ከመሰካታችሁ በፊት 230 ላይ መሆኑን አረጋግጡ።

አራተኛው የዊንዶውስ ቁጥር ነው። ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድር ዋና ፕሮግራም ነው። ሠሪው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በብዙ የቆዩ ኮምፒውተሮች ላይ በደንቡ አይጫንም። ስለዚህ ያገለገለ ኮምፒውተር በርካሽ ሲቀርብላችሁ፣ «ይህ ዊንዶውስ 11 ይቀበላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የማይቀበል ከሆነም ፈጽሞ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ሊኑክስ የተባለ በነጻ የሚገኝ ዋና ፕሮግራም አለ። ለመጻፍና ለሒሳብም ሊብሬኦፊስ የተባለው በነጻ ይገኛል። ይህን የሚጭንና የሚያስተምር ሰው በአቅራቢያችሁ መኖሩን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

አራተኛ፤ በፊደላችን ጻፉና ሞክሩ።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል። ከምባትኛና ሀዲይኛም ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ያን ጊዜ ሁሉም የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። ዛሬ ከምባትኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛው በግዕዝ ፊደል ቀጥሏል። ስለዚህ የዳምቦያ ኮምፒውተር ሁለቱንም ፊደል መጻፍ አለበት።

ቀድሞ የአማርኛ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ፊደሉን በየራሳቸው ቁጥር ያስቀምጡ ነበር። በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ ገባ። ዛሬ በዩኒኮድ የተጻፈ በሌላ ኮምፒውተርም በስልክም ይነበባል። ፈተናው ቀላል ነው። በሱቁ ውስጥ የእድራችሁን ስም በአማርኛ ጻፉ። ከዚያ ወደ ስልካችሁ ላኩት። ፊደሉ በትክክል ከተነበበ ደህና ነው። ባዶ ሳጥን ወይም የማይታወቅ ምልክት ከመጣ ሻጩ ያስተካክልላችሁ።

አምስተኛ፤ ተጨማሪ ዕቃዎችን እንደ አስፈላጊነታቸው ግዙ።

መብራት በድንገት ይጠፋል። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ያን ጊዜ ወዲያው ይዘጋል፤ ያልተቀመጠው ጽሑፍም ይጠፋል። ዩፒኤስ የተባለው ባትሪ ያለው ሳጥን ለጥቂት ደቂቃ ያቆየዋል። በዚያች ጊዜ ሥራችንን አስቀምጠን በሥርዓት እንዘጋዋለን። ላፕቶፕ ግን የራሱ ባትሪ አለው። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ላፕቶፕ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ማተሚያ ስትገዙ የማሽኑን ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። «ቀለሙ ስንት ነው? የት ይገኛል?» በሉ። የፈሳሽ ቀለም ማተሚያ ብዙ ጊዜ ሳይሠራ ከተቀመጠ ቀለሙ ይደርቃል። በወር ሁለትና ሦስት ወረቀት ብቻ ለሚያትም እድር፣ ጽሑፍ ቤት ሄዶ ማሳተም ይረክሳል።

ፍላሽ ግን አይቅር። ሁለት ግዙ። በየወሩ መዝገቡን በሁለቱም ላይ ገልብጡ። አንዱ ከጸሐፊው ዘንድ፣ ሁለተኛው በሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ። ኮምፒውተሩ ቢሰረቅ ወይም ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። የጠፋ መዝገብ ግን በገንዘብ አይመለስም። የድሮውንም ደብተር አትጣሉት።

ስድስተኛ፤ ሳትሞክሩ አትክፈሉ።

ብቻችሁን አትሂዱ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። ኮምፒውተሩን አስከፍቱ። የመጻፊያውን ሰሌዳ እያንዳንዱን ቁልፍ ንኩ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ሻይ እስክትጠጡ ድረስ በባትሪው ይሥራ። ቶሎ ከጠፋ ባትሪው ደክሟል። በመጨረሻ ደረሰኝ ተቀበሉ። የራሙና የዲስኩ ቁጥር፣ የዋስትናውም ጊዜ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። በቃል የተነገረ ዋስትና በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

ውድ አድማጮቻችን! የኮምፒውተር ምርጫ ለተማረ ወጣት ብቻ የተተወ አይደለም። ወጣቱ ይርዳን፤ ነገር ግን ገንዘቡ የኛ ስለሆነ እኛም እናንብብ። 8፣ 256፣ 220፣ 11፤ እነዚህን አራት ቁጥሮች በደብተራችሁ ጽፋችሁ ያዙ።

ካነበባችሁ በኋላ በእነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ።

1. የእኛ እድር ወይም ማኅበር ኮምፒውተር ቢኖረው ምን ሥራ ይሠራበታል?
2. ራም በምን ይመሰላል? ዲስክስ?
3. መዝገቡ በሁለት ፍላሽ ላይ ለምን ይገለበጣል?
4. ሁለተኛው ፍላሽ በማን ቤት ይቀመጥ?