የሰው ልጅ መከራ እንደ ኅብረተሰብ ጥናት ርእስ
(ስለ ድርቅና ሰፈራ የተደረገ ንግግር)



ችጋር አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ሰው ከቤቱ ከወጣ በኋላ ነው። መጠለያ የደረሰው ይመዘገባል፤ ወደ ሰፈራ የሄደውም ስሙ በመዝገብ ይገባል። መከራው ግን ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ በገበሬው ደጃፍ ይጀምራል። የኅብረተሰብ ጥናት ተቀዳሚ ተግባርም ይህን ያልተመዘገበ ጊዜ መመርመር ነው።

ከጉና ተራራ በስተምሥራቅ ያለው የንፋስ መውጫ አካባቢ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የጋይንትና የስማዳ ምድር ከብርዳማው ደጋ እስከ በሽሎ ቆላ ይወርዳል፤ መሬቱ ተዳፋትና የተሸረሸረ፣ የገበሬውም ይዞታ ጠባብ ነው። ዝናብ ሲቀር ገበሬው ወዲያው አይሰደድም። መጀመሪያ ምግቡን ይቀንሳል፤ ቀጥሎ በግና ፍየሉን ይሸጣል፤ ከዘመድ ይበደራል፤ ለቀን ሥራ ይወጣል። የእርሻ በሬውን ወደ ገበያ የነዳ ዕለት ግን የሚመጣውንም ዓመት አብሮ ሸጠ ማለት ነው። ዝናቡ ቢመለስ እንኳ መሬቱን ለባለ በሬ በእኩል ከመስጠት በቀር ምርጫ አይኖረውም።

ምሁራን ይህን ሂደት ከልዩ ልዩ አቅጣጫ መርምረውታል። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም እንዳልናረ አሳይቷል፤ ገበሬው ያጣው መግዣውን ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ችጋርን በገጠሩ ሕዝብ መጋለጥ አስረድተዋል። ደሳለኝ ራህመቶም የአምባሰል ገበሬዎች ችጋሩን ለመቋቋም የወሰዷቸውን እርምጃዎች በዝርዝር አጥንተዋል።

ሆኖም ጥናቱ ራሱ ፈተና አለበት። የተራበ ሰው የጠያቂውን ወረቀት ከእህል አዳዩ መዝገብ ለይቶ ሊያየው አይችልም። «በሬ አለህ ወይ?» ሲባል «የለኝም» ቢል፣ ከመዝገብ እንዳይፋቅ ሠግቶ እንጂ ውሸት ወዶ አይደለም። ይህን ያልተረዳ አጥኚ ፍርሃትን እንደ ድህነት መለኪያ ይዞ ይመለሳል።

በሰፈራም እንዲሁ ነው። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ አብዛኛው ከወሎ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብና ምዕራብ ተወስዷል። ስንቱ ወዶ፣ ስንቱ ተገድዶ እንደ ሄደ፣ ስንቱ ቤተሰብም እንደ ተከፈለ ግን ይህ አኃዝ አይናገርም።

ስለዚህ ቆጠራው ከመጠለያው ሳይሆን በሬው ከሚሸጥበት ገበያ ይጀመር፤ ውጤቱም ለተጠየቀው ገበሬ ተመልሶ ይነገረው። መከራውን የሚያውቀው እርሱ ነውና ስሕተቱንም አስቀድሞ የሚያርመው እርሱ ነው።